ከነጥምጣሙ የተለካ ቁመት

ከሹም አቦ እስከ ሰባታሚት ባለው ምድር ስለ ብስክሌት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ጣና ይድረቅ ብዬ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬአለሁ። ሳምንት ሳይሞላኝ የሚበልጠኝ ሰው ተገኘ፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሁለት። ጣና ግን አልደረቀም። እንዲያውም በዚያ ሰሞን ሞልቶ የዳሩን የደንገል ሣር ሁሉ እስከ አንገቱ አጥልቆት ነበር። ሐይቁም የእኔን ነገር ከቁም ነገር እንደማይቆጥረው ያኔ ነው የገባኝ።

ረጅም ሰው ነኝ። ረጅም ስል አንዳንዱ እንደሚለው «ትንሽ ዘለግ ያለ» ማለቴ አይደለም። ባጃጅ ውስጥ የምገባው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልዬ ነው፤ ስወርድ ሾፌሩ «ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይዘርጉ» ይለኛል። በመንገዱ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ጋር ሰላምታ የምንለዋወጠው ዐይን ለዐይን እየተያየን ነው። ስለዚህ ወደ ፋብሪካው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ሥራዬ፣ የምሄደው በብስክሌት ነው። ብስክሌት ጣሪያ የለውም።

ጎረቤቴ የኔታም ረጅም ናቸው። ስልሳን ተሻግረዋል፤ ሰባታሚት ባለ ደብር ዜማ ያስተምራሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ቀሚሳቸውን በገመድ ሸብ አድርገው፣ መቋሚያቸውን ከብስክሌቱ ብረት ጋር አስረው፣ ነጭ ጥምጣማቸውን እንደ ጠመጠሙ ሲነዱ ያያቸው ሰው ሸራዋን የዘረጋች ጀልባ ከሐይቁ ወጥታ አስፋልት የያዘች ይመስለዋል። ጠዋት ጠዋት እስከ አደባባዩ ድረስ አብረን እንነዳለን። እኔ አወራለሁ፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። የማዳመጥ ትዕግሥታቸውን የተማሪ ዜማ ሲያርሙ እንዳዳበሩት እገምታለሁ፤ ከእኔ ወሬ ያልተናነሰ ስሕተት የሞላበት ነገር ሲሰሙ ነው የኖሩት።

ነገሩ የተጀመረው የደብሩ ንግሥ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የዚያ ዓመት ንግሥ ለየኔታ ከሌላው ጊዜ ይለይ ነበር። ድሮ ያስተማሯቸው፣ ዛሬ በየደብሩ መሪጌታ የሆኑ ሰዎች ከደልጊ በኩል በጀልባ ሊመጡ ነበር። ታቦቱ ሲወጣ የኔታ ከፊታቸው ቆመው ወረቡን እንዲመሩላቸው ለምነዋቸዋል፤ እሳቸውም «ለመጨረሻ ጊዜ እመራለሁ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ወረብ ደግሞ በድምፅ ብቻ አይሆንም። ጉልበት ሰበር ይላል፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ሰበር ይላል፤ ከበሮው እየፈጠነ ሲሄድ ጉልበትም አብሮ ይፈጥናል። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ከየኔታ አካል ሁሉ ውድ የነበረው ጉልበታቸው ነበር። ይህን አውቅ ነበር። ነግረውኛል።

አንድ ጠዋት የብስክሌታቸው የግራ ፔዳል መንገድ ላይ ተፈንቅሎ ወደቀ። አንሥተን፣ ሁለታችንም ብስክሌታችንን እየገፋን፣ ሹም አቦ ወደምትሠራ አንዲት ጠጋኝ ሄድን። ሙያውን ከአባቷ የወረሰች፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። እጇ ዘይት፣ ምላሷ ምላጭ ነው። ፔዳሉን አገላብጣ አየችና፣

«የኔታ፣ ፔዳሉ ደኅና ነው። ያለቀው የያዘው ክንድ ነው፤ ቀዳዳው ጥርስ አልቀረውም። ሁለቱንም ክንድ እንቀይረው» አለች።

«ቀይሪው ልጄ።»

ከሳጥን ውስጥ ሁለት ጥንድ አወጣችና ጀርባቸውን ገልብጣ የተቀረጸባቸውን ቁጥር አሳየችን። አንዱ መቶ ስልሳ አምስት ሚሊ ሜትር፣ ሌላው መቶ ሰማንያ። የሁለቱ ልዩነት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ አንድ ትልቅ ባቄላ ታክላለች።

«የድሮው አጭሩን ያህል ነበር። እሱን ልግጠምልዎት።»

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

«ምን ነካሽ!» አልሁ። «እኚህን የሚያህሉ ሰው በሕፃን ፔዳል? ረጅም ሰው ረጅም ክንድ ነው የሚገባው። የእኔን አታይም? መቶ ሰማንያ!»

«የእርስዎንማ አውቀዋለሁ ጋሼ። እኔ ነኝ የገጠምሁት። ያኔም ተዉ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆንሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ እርስዎ ይንገሩን እንጂ።»

ይህን ስትል ጉልበቴን አየችው። ዐይኔን ወደ ሐይቁ መለስሁ።

ረጅም ነገር ሁሉ ትርፍ ነው የሚለው እምነቴ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ በአገራችን ገበያ ጥለትም ሸማም የሚለካው በገዢው ክንድ ነበር። እናቴና ጎረቤቶቿ ገበያ ሲወጡ እኔን ይወስዱኝ ነበር፤ ክንዴ ከዕድሜዬ ቀድሞ ያደገ ነበርና። ሸማኔው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ጊዜማ «ይሄንን ልጅ የምታመጡት ከሆነ ጨርቄን አጥፌ እሄዳለሁ» ብሎ ምሏል። በእኔ ክንድ ስምንት የተባለ ጋቢ እቤት ገብቶ በሌላ ሰው ክንድ ሲለካ አሥር ይሆን ነበር። አሥራ ሁለት ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እናቴ ግን አሥር ነው ያለችው። እንግዲህ በዚህ ያደገ ልጅ መቶ ሰማንያና መቶ ስልሳ አምስት ቀርቦለት የትኛውን እንደሚመርጥ መጠየቅም አያስፈልግም።

ጠጋኟ እኔን ማሸነፍ ቢያቅታት፣ «እሺ እንለካ። የኔታ፣ ቁመትዎን ልየው» አለች። አሁን ሳስበው ልታዘገየኝ ብላ ነው። የኔታን በሩ መቃን ላይ አቆምናቸው። ጠመኔ አነሣች።

«የኔታ፣ ጥምጣሙን ቢያወልቁልኝ?»

«በአደባባይ? ራሴን ገልጬ? አይሆንም ልጄ።»

«እንግዲያው ከጥምጣሙ ሥር በግምት...»

«በግምት የሚሠራ ሙያ አለ እንዴ?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። «ጥምጣሙም የእሳቸው ነው። ሠላሳ ዓመት አብሯቸው የኖረ ነገር ከቁመታቸው ሊቀነስ ነው?»

ጠመኔውን ከእጇ ተቀብዬ ከጥምጣሙ ጫፍ ላይ አሰመርሁ። ስንዝር የሚያህል ጨርቅ ከሰውዬው ቁመት ጋር ተደመረ። የኔታ ዘወር ብለው ምልክቱን አዩና፣ ሰው ስለ ራሱ ጥሩ ነገር ሲሰማ እንደሚሆነው፣ ደስ አላቸው።

«ይህን ያህል ነኝ እንዴ?» አሉ።

«ከዚያም ይበልጣሉ፤ ጎንበስ ብለው እንጂ!» አልሁ።

መቶ ሰማንያው ተገጠመ። ጠጋኟ ብሎኑን ስታጠብቅ ምንም አልተናገረችም። ዝም ያለች ሴት እንዲህ የምታስፈራ መሆኗን ያን ቀን ልብ አላልሁትም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማለፊያ ነበሩ። የኔታ «ኃይል አለው፤ አንድ ጊዜ ስረግጠው ሩቅ ይወስደኛል» አሉኝ። እኔም ባገኘሁት ሰው ፊት «የኔታን አየሃቸው? እኔ ነኝ ያስተካከልሁላቸው» ማለት ጀመርሁ። በሳምንቱ ከብስክሌታቸው ሲወርዱ አንድ እግራቸውን ቀስ አድርገው ሲያሳርፉ አየሁ። በአሥረኛው ቀን ደግሞ ሰላም ስላቸው ቁጭ ካሉበት ለመነሣት መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ምን ሆኑ የኔታ?»

«ምንም። ቀኝ ጉልበቴ ትንሽ ያጉረመርማል።»

«ብርድ ይሆናል። የሐይቁ ንፋስ።»

«የሐይቁ ንፋስ ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲነፍስብኝ ነበር፤ ጉልበቴን ያገኘው ዘንድሮ ነው?» አሉ፣ ፈገግ ብለው። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ንግሡ አሥራ አንድ ቀን ቀረው እኮ ወዳጄ። ልጆቹ ጀልባ ተከራይተዋል።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ጽሕፈት ቤት ስውል ሰው የሚያስቅ አንድ ነገር እንኳ አልተናገርሁም፤ ባልደረቦቼ የደመወዝ ቅነሳ የመጣ መስሏቸው ደንግጠው ዋሉ።

ኃጢአቴን በጉልበቴ ልከፍል ወሰንሁና በማግሥቱ ጠዋት በራቸው ላይ ቆምሁ። «እስከ ንግሡ እርስዎ ፔዳል አይነኩም። በእኔ ብስክሌት፣ በኋላ መጫኛው ላይ፣ እኔ ነኝ የማደርስዎት» አልኋቸው። ባጃጅ እንደሚሻላቸው ነገሩኝ። አልሰማሁም። መጫኛው ላይ ጋቢ አጥፌ አነጠፍሁላቸውና ሄድን። ሁለት ረጃጅም ሰዎች በአንድ ብስክሌት ላይ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየናል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ጎን ለጎናችን እየነዳ፣ «አባቶች፣ ፎቁን ወዴት ነው የምትወስዱት?» አለን።

ከተማችን ሜዳ ናት። ሆኖም ወደ ሰባታሚት ስትወጡ አንዲት ዳገት አለች፤ ዳገት ያልኋት ሌላ አገር ብትሆን ሜዳ ትባላለች። እዚያች ላይ ስደርስ ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ሰው በመርፌ የወጋኝ መሰለኝ። ብስክሌቱ ቆመ። የኔታ ከኋላዬ ወርደው፣ በታመመ ጉልበታቸው እያነከሱ፣ እኔን ከነብስክሌቴ ገፉኝ።

ከዳገቷ በላይ፣ የመንገዱ ዳር ግንድ ላይ ተቀመጥን።

«ጉልበትህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?» አሉኝ።

«አያመኝም።»

«አንተ ሰውዬ!»

ይህ «አንተ ሰውዬ» ተማሪዎቻቸው ዜማ ሲስቱ የሚሰሙት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ መዋሸት አይቻልም።

«ክንዱን ካስቀየርሁ ጀምሮ» አልሁ። «አራት ወር ሆነኝ።»

«እና እያወቅህ ለእኔ?»

«እየለመድሁት ነው ብዬ ነበር የኔታ። ትክክለኛው ነገር መጀመሪያ ያማል ብዬ።»

ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል ይባላል፤ ዝቅ አላለም። መሬቱን በመቋሚያቸው እየነካኩ፣ «የእኔም ጥፋት አለበት» አሉ። «አዲስ ተማሪ ሁልጊዜ ረጅሙን መቋሚያ ነው የሚመርጠው። ግርማ የሚሰጠው ይመስለዋል። ጥቂት ከቆመ በኋላ ትከሻው ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ክንዱ ደንዝዞ ታገኘዋለህ። እኔ ‹በብብትህ ለካው፣ የምትደገፈው በብብትህ ነው እንጂ በአናትህ አይደለም› እያልሁ ስንቱን አስመርጫለሁ። አሁን ደግሞ በእግሬ የምረግጠውን ነገር በጥምጣሜ ለክተህ ስትሰጠኝ አሜን ብዬ ተቀበልሁ። ቁመቴ ሲመሰገን ደስ ብሎኝ ነው።»

ከሰባታሚት ስንመለስ ባጃጅ ይዘን ብስክሌቴን ከኋላው አሰርነው። ቀጥታ ጠጋኟ ዘንድ። ሁለት የሚያነክሱ ሰዎች ስታይ የያዘችውን የብሎን ቁልፍ አስቀመጠች።

«በስንተኛው ቀን ነው ያመመዎት የኔታ?»

«በሰባተኛው።»

«እኔ በአምስተኛው ብዬ ነበር። ጉልበትዎ ጠንካራ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ክንዱ በረዘመ ቁጥር ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመጣ ጉልበትን የበለጠ ያጥፈዋል። አንድ ጊዜ ቢያጥፈው ምንም አይደለም። ከዚህ ሰባታሚት ስንት ጊዜ ነው የሚረግጡት?»

በልቤ አሰላሁት። በአንድ ርግጫ አንድ ባቄላ፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ኩንታል ባቄላ በየኔታ ጉልበት ላይ ጭኜ ነበር።

«ቁመት ብቻውን ምንም አይናገርም» አለች። «የሚለካው እግር ነው። ጫማ አውልቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከ... ከእግር መጀመሪያ እስከ ወለሉ።» ስልኳን አወጣችና አንድ ፈረንጅ ሲለካ አሳየችን። ሰውዬው ግድግዳ ተደግፎ፣ ወፍራም መጽሐፍ በሁለት እግሮቹ መካከል አስገብቶ፣ ወደ ላይ ሽቅብ ይስበዋል።

የኔታ አማተቡ።

«መጽሐፍ ነው ያ?»

«መጽሐፍ ነው የኔታ፤ ለጠርዙ ብለው ነው፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ...»

«መጽሐፍ እግር መካከል! የምን መጽሐፍ ነው?»

«እኔ እንጃ፤ የምግብ አሠራርም ሊሆን ይችላል።»

«የምግብ አሠራርም ቢሆን ፊደል አለበት።» ወደ በሩ ሊወጡ ሲሉ ቀሚሳቸውን ይዤ አስቀረኋቸው። ጠጋኟ ጓዳ ገብታ ከቲማቲም ሳጥን የተነቀለ ጣውላ ይዛ መጣች። የኔታ ጣውላውን ፊትም ኋላም አገላብጠው መረመሩ። ምንም አልተጻፈበትም። ተስማሙ። እሷ መጋረጃውን ዘግታ ውጪ ቆመች፤ ጣውላውንና ሜትሩን ይዤ ሊቀ ጠበብቱን የለካሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በአክብሮት ያጎነበስሁበት ጊዜ የለም።

«ሰማንያ ስድስት!» ብዬ ጮኽሁ።

«እንግዲያው መቶ ስልሳ አምስቱ ይበቃቸዋል፤ ጉልበታቸውም የለመደው እሱን ነው» አለች ከመጋረጃው ማዶ። «ግን እስከ ንግሡ ድረስ በባጃጅ ነው የሚሄዱት። ከንግሡ በኋላ ይነዱታል።»

ቀጥላ «ጋሼስ?» አለች። ሥራ እንደረፈደብኝ ነገርኋት። ቅዳሜ ነበር።

ንግሡ ደረሰ። ከደልጊ የመጡት አሥራ ሁለት ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ጢማቸው ሸብቷል፤ የኔታ ፊት ሲቆሙ ግን እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ተማሪዎች ይመስሉ ነበር። ታቦቱ ወጣ፣ እልልታው ቀለጠ። የኔታ ከፊት ቆሙ። ወረቡን አነሡ። ከሰው ሁሉ በላይ አሻግሬ ስለማይ፣ የኔታ ፊት ሳይሆን የኔታ ጉልበት ላይ ዐይኔን ተክዬ ነበር፤ ቀሚሳቸው ስለሚሸፍነው የቀሚሳቸውን እጥፋት እየቆጠርሁ። አንደኛው ዙር ደኅና አለፈ። ሁለተኛውም። ከበሮው ሲፈጥን በሦስተኛው ላይ ቀኝ ጎናቸው ትንሽ ዘግየት አለ። ከግራና ከቀኝ የነበሩት ሁለቱ ተማሪዎች ምንም እንዳላዩ ሆነው ቀረብ አሉና ትከሻቸውን ከየኔታ ትከሻ ጋር ገጠሙ፤ ከበሮ የያዘውም ማንም ሳይነግረው ምቱን አረገበው። የኔታ እስከ መጨረሻው መሩት። አንዲት ቃል አልጎደለችም።

በኋላ በአጥሩ ጥላ ሥር ጸበል ጸዲቁ ላይ ሲቀመጡ ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ጉልበት መሳም ወግ ነው፤ የእኔ ግን ይቅርታ ነበር።

«እንዴት ሆነልዎት?»

«ተናገረኝ እንጂ አልከዳኝም» አሉ። ለተማሪዎቻቸው ደግሞ፣ «ይህ ጎረቤቴ ነው። ጉልበቴን ያሳመመኝም እሱ፣ የለካኝም እሱ» ብለው አስተዋወቁኝ። አሥራ ሁለቱም መሪጌታዎች ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። የኔታ ጨምረው፣ «እሱ ራሱ ግን ገና አልተለካም። ነገ እወስደዋለሁ» አሉ።

ወሰዱኝም። ጠጋኟ ጣውላውን አስቀምጣልኝ ነበር። መጋረጃው ተዘጋ፤ በዚህ ጊዜ ሜትሩን የያዙት የኔታ ናቸው። ቁጥሩን አዩ። ደግመው ለኩ። መነጽራቸውን ጠርገው ሦስተኛ ለኩ።

«ስንት ነው የኔታ?» አለች ከውጪ።

«ጣውላው ጠምሞ እንደሆነ እንጃ ልጄ...»

«ስንት ይላል?»

«ሰባ ዘጠኝ።»

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ የኔታ፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። በጥምጣም ሳይሆን በራሱ ጠጉር ከየኔታ በግማሽ ራስ የሚበልጠው ሰው በእግር በሰባት ሳንቲ ሜትር ተበለጠ። ለየኔታ የተገጠመው አጭሩ ክንድ ለእኔ ረጅም ሆነ። ጠጋኟ ሳጥኗን በርብራ ከአንዲት ተማሪ ብስክሌት የወጣ መቶ ስልሳ አገኘች። ዛሬ የምነዳው በእሱ ነው። ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም።

እውነቱን ልናገር። ርዝመቴ ሁሉ ከወገቤ በላይ ነው፤ እግሬ አጭር ነው፤ ይህንም ያን ቀን አይደለም ያወቅሁት። የምገዛውን ሱሪ ሁሉ ሃያ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ከታቹ አራት ጣት አስቆርጣለሁ፤ ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ደግሞ፣ ዘንድሮ ሱሪ ሲሰፉ ያረዝሙታል እላታለሁ።